ባቡሩ በቆመበት ገበያ ቆመ፦ የነባሩ የጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር ታሪክና ትምህርቱ

በብዙ የገጠር አካባቢዎች እህል ተሸክሞ ወደ ወፍጮ የሚሄድ ሰው «ባቡር ልሄድ ነው» ይላል። ሐዲድ አይቶ በማያውቅ መንደር ውስጥ እንኳ ቃሉ የታወቀ ነው፤ በሞተር ኃይል ለሚሠራ ወፍጮ መጠሪያ ሆኖ ኖሯልና። በአዲስ አበባ ደግሞ የታክሲ ረዳቶች በየቀኑ «ለገሃር! ለገሃር!» እያሉ ይጣራሉ። ይህ ስም «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። መንገደኛ ይጭን የነበረው ነባሩ ባቡር ግን ከዚያ ጣቢያ መነሣቱን ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። ስሙ ቀርቷል፤ ባቡሩ የለም።

ይህ ጽሑፍ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል አዲስ አበባ ይደርስ የነበረው፣ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የምድር ባቡር እንዴት እንደተዘረጋ፣ መንገደኛው እንዴት ይጓዝበት እንደነበርና ለምን እንደተዳከመ ያስረዳል። ነገሩ ትዝታ ብቻ አይደለም። ዛሬ በዚያው አቅጣጫ አዲስ የኤሌክትሪክ ባቡር እየሠራ ነው። «ሐዲድ በአካባቢያችን ሲያልፍ ለገበሬውና ለከተማው ነዋሪ ምን ይጠቅማል?» ለሚለው ጥያቄ ከነባሩ መስመር የተሻለ መልስ የሚሰጥ ምስክር አናገኝም።

ከግመል ቅፍለት ወደ ሐዲድ

ከባቡሩ በፊት በመሐል አገርና በባሕሩ ጠረፍ መካከል ሸቀጥ የሚመላለሰው በግመልና በበቅሎ ነበር። ሲራራ ነጋዴዎች ከሸዋና ከሐረር ተነሥተው ወደ ዘይላና ወደ ታጁራ ወደቦች ለመድረስ በረሃውን ያቋርጡ ነበር። ከሸዋ የሚነሣው ጉዞ ሳምንታት ይፈጃል። የአንድ ግመል ጭነት ደግሞ ከሁለት ኩንታል ብዙም አይበልጥም።

ይህ ቁጥር ለገበሬው ትልቅ ትርጉም አለው። ጭነቱ ትንሽ፣ ጉዞውም ረጅም ሲሆን ወደ ውጭ ሊሸጥ የሚችለው ክብደቱ ቀላል፣ ዋጋው ግን ከፍተኛ የሆነ ምርት ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ባሕር የሚወርደው ቡና፣ ቆዳ፣ ሰም፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ነበር። ጤፍ ወይም ስንዴ ጭኖ በረሃ ማቋረጥ የማይታሰብ ነው፤ ግመሉና ባለግመሉ በመንገድ የሚበሉት ብቻ ትርፉን ይጨርሰዋል። በአንድ አውራጃ እህል ተትረፍርፎ በሌላው ረኀብ ሲገባ ምርቱን ማዳረስ ያልተቻለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህን ችግር ተረድተው በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር የማሠራት ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ ለ99 ዓመታት የሚጸና ነበር። ከኢልግ ጋር ሌዎን ሼፍኖ የተባለው ፈረንሳዊ ነጋዴ አብሮ ሠርቷል። ዕቅዱ ሦስት ምዕራፍ ነበረው፦ በመጀመሪያ ከጅቡቲ ሐረር፣ ቀጥሎ ከሐረር እንጦጦ፣ በመጨረሻም ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። የመጨረሻው ምዕራፍ እስከ ዛሬ ድረስ አልተሠራም። የከፋ ቡና በባቡር ይወርዳል የተባለው ተስፋ በወረቀት ላይ ቀረ።

ሐረር ቀረች፣ ድሬዳዋ ተወለደች

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ከባሕር ጠርዝ ወደ ውስጥ የሚገባው መሬት ድንጋያማና ሸለቆ የበዛበት በመሆኑ እንደ ሆልሆል ባሉ ቦታዎች ላይ ከፍተኛ የብረት ድልድዮችን መሥራት ግድ ሆነ። ሐዲዱ በአንድ ሜትር ስፋት የተዘረጋ ነው። ጠባብ ሐዲድ ወጪው አነስተኛ ነው፤ በተራራ ጥግ በቀላሉ መጠምዘዝም ይችላል። በአንጻሩ ከባድ ጭነት በከፍተኛ ፍጥነት ለማጓጓዝ አይመችም። ይህ የመጀመሪያ ምርጫ ከብዙ ዘመን በኋላ ዋጋ አስከፍሏል።

መስመሩ ወደ ሐረር ሲቃረብ ሌላ እንቅፋት ገጠመው። ሐረር በደጋ ላይ የተቀመጠች ጥንታዊ የንግድ ከተማ ናት። ባቡሩን ወደዚያ ከፍታ ማውጣት ብዙ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ። በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በደረቅ የወንዝ አሸዋ ዳር ጣቢያ ተሠራ። በቦታው የተቆረቆረችው ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር፤ በኋላ የጸናው ስም ግን ድሬዳዋ ነው።

ጣቢያው፣ የባቡር መጠገኛው ወርክሾፕና የሠራተኞቹ ቤቶች በአንድ ወገን ሆነው ከዚራ የሚባለውን፣ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና የዛፍ ጥላ ያለውን ሰፈር መሠረቱ። ከወንዙ ባሻገር ደግሞ የነጋዴው ሰፈር መጋላ አደገ። በአንጻሩ ለዘመናት የሐረር በር ሆና የኖረችው የዘይላ ወደብ፣ ንግዱ ወደ ጅቡቲ ሲዞር እየደበዘዘች ሄደች። ሐዲድ የሄደበት ከተማ አበበ፤ የተዘለለው ደረቀ።

የውጭ መንግሥታት ሽሚያ

ኢትዮጵያ በአድዋ ድል ነጻነቷን ብታስከብርም፣ ዙሪያዋ በቅኝ ገዥዎች የተያዘ ነበር። ጅቡቲ የፈረንሳይ ግዛት፣ ዘይላና በርበራ በእንግሊዝ እጅ፣ ኤርትራ ደግሞ በኢጣሊያ ሥር ነበሩ። በዚህ ሁኔታ ወደ ባሕር የሚወስደውን ብቸኛ ሐዲድ የያዘ ኃይል የአገሪቱን ገቢና ወጪ ንግድ መያዙ ነው።

ኩባንያው ገንዘብ እያጠረው ሲሄድ የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. የድጎማ ስምምነት ገብቶ በድርጅቱ ላይ ሥልጣን አገኘ። ፈቃዱን የሰጡት ለግል ኩባንያ እንጂ ለባዕድ መንግሥት ስላልነበረ አፄ ምኒልክ በዚህ ተቆጡ። ሥራው ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ፤ ኩባንያውም ከሰረ። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ንጉሠ ነገሥቱ ባልተሳተፉበት ውል በኢትዮጵያ ውስጥ የየራሳቸውን የጥቅም ክልል ሲከፋፈሉ፣ ይህን መስመር ለፈረንሳይ ተዉት።

በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ አዲስ ፈቃድ የሰጡት ሐኪማቸው ለነበሩት ለዶክተር ቪታልየን ነው። በዚህም ፍራንኮ-ኢትዮጵያ የተባለው ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ቀጠለ። ሐዲዱ የአዋሽን ሸለቆ ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ውጥኑን የጀመሩት አፄ ምኒልክ ግን በ1906 ዓ.ም. በማረፋቸው ባቡሩ መዲናቸው ሲደርስ ለማየት አልታደሉም። ዛሬም ቆሞ የሚታየው የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው።

የሦስት ቀን ጉዞ

በእንፋሎት ዘመን መንገደኛው ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር። ባቡሩ በሌሊት አይሄድም። የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ድሬዳዋ፣ የሁለተኛው አዋሽ ላይ ያበቃል። መንገደኞች በሁለቱ ከተሞች እያደሩ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባሉ። በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ የተሠራው ቡፌ ምግብና መኝታ የሚገኝበት የታወቀ ማረፊያ ነበር።

የጉዞው ዝግታ ምክንያት ነበረው። ባቡሩ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። የእንፋሎት ሞተር ደግሞ ውኃ እያፈላ የሚሠራ በመሆኑ በየተወሰነ ርቀት ውኃ መቅዳት አለበት። ስለዚህ በበረሃው መካከል እንኳ ጣቢያ መትከል፣ የውኃ ማጠራቀሚያ ማቆም፣ ጠባቂና ሠራተኛ ማስፈር ግድ ሆነ። ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ሁርሶ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ የሚባሉት ስሞች በመንገደኛው አፍ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው። በ1940ዎቹ የናፍጣ ሞተሮች መግባት ሲጀምሩ ጉዞው አጠረ፤ ጣቢያዎቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ።

ባቡሩ የአገሪቱን ክፉና ደግም ተሸክሟል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ የወጡት በዚህ ባቡር ነው። በጅቡቲ በኩል ወደ ስደት አመሩ፤ ከሦስት ቀን በኋላ የፋሺስት ጦር መዲናዪቱን ያዘ። በለገሃር ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም በወራሪው ተነቅሎ ሮም ከተወሰደ በኋላ በሺዎች ማይል ርቀት ቆይቶ ወደ ቦታው ተመልሷል።

ጣቢያ እንዴት ገበያ ይሆናል?

የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ባቡር በአንድ ቀበሌ ስላለፈ ብቻ ቀበሌው አይለማም። ለውጥ የሚመጣው ባቡሩ ሲቆም ነው። በነባሩ መስመር ይህ የሆነው በሦስት መንገድ ነበር።

አንደኛው የሰዓቱ መታወቅ ነው። ባቡሩ የሚደርስበት ቀን ሲታወቅ አምራቹ የሚያጭድበትን፣ የሚያልብበትንና የሚለቅምበትን ጊዜ ከዚያ ጋር ያስማማል። በግብርና ትምህርት ቶሎ የሚበላሽ ምርት ትልቁ ጠላት ሰዓት እንደሆነ እንማራለን። ወተት በቆላ ሙቀት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይረጋል። ጫት ከተቆረጠ በኋላ ዋጋው በየሰዓቱ ይወርዳል። ብርቱካንና ቲማቲም በጆንያ ውስጥ ሆነው ብዙ አይጠብቁም። ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ጫት በባቡር ወደ ጅቡቲ ይጫን የነበረው፣ የኤረር ብርቱካንም በመንገደኛው ዘንድ የታወቀው ለዚህ ነው። ከመስመሩ ዳር የሚኖሩ አርብቶ አደሮችም ወተታቸውን ወደ ከተማ የሚልኩበት መንገድ አገኙ።

ሁለተኛው በትንሽ መጠን መነገድ መቻሉ ነው። የጭነት መኪና ለመከራየት ብዙ ኩንታል ያስፈልጋል። በመንገደኛ ባቡር ግን አንዲት እናት አንድ ቅርጫትና አንድ እንስራ ይዛ ትሳፈራለች፤ ወይም ከነጭራሹ ሳትሳፈር በጣቢያው ቆማ በመስኮት በኩል ትሸጣለች። ከጅቡቲ የሚመለሱ ሴት ነጋዴዎች ጨርቅና ልዩ ልዩ ሸቀጥ እያመጡ በድሬዳዋ ይቸረችሩ ነበር። የጉምሩክ ሹሞች «ኮንትሮባንድ» ብለው የሚያሳድዱት ይህ ንግድ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነበር።

ሦስተኛው መጋቢው መንገድ ነው። ከጨርጨር ደጋ የሚወርደው ቡና በጭነት ከብት ቆላው ጣቢያ ካልደረሰ ሐዲዱ አይጠቅመውም። በጣቢያው ዙሪያ መጋዘን፣ የሚዛን ቦታ፣ የከብት መዋያና የእንግዳ ማረፊያ ሲከፈት፣ ነጋዴ ከገበሬ ይገናኛል፤ የጅቡቲ ዋጋም ይሰማል። እንደ አዳማና ሞጆ ያሉ ከተሞች የተስፋፉት ሐዲዱ ከእርሻው መንደር ጋር በተገናኘበት ቦታ ላይ ነው።

ያስከፈለው ዋጋ

ይህን ሁሉ ስንል ባቡሩ ለሁሉም እኩል በረከት ነበር ማለታችን አይደለም። ሐዲዱ የኢሳንና የአፋርን የግጦሽ መሬት አቋርጦ ሲያልፍ የከብቱ መሄጃና የውኃው መዳረሻ ተነክቷል። ግንባታው በተካሄደባቸው ዓመታት ግጭት የተነሣውም በከፊል በዚህ የተነሣ ነው። የትርፉና የውሳኔው ባለቤት ለረጅም ጊዜ የውጭ ኩባንያ ነበር። ኢትዮጵያ የድርጅቱን ግማሽ ድርሻ ያገኘችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በተደረገ ስምምነት ነው፤ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤትም በዚያን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ።

በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ደግሞ ከባድ ሐዘን ወረደ። መንገደኛ የጫነ ባቡር በአዋሽ አቅራቢያ ኩርባ ላይ ባለ ድልድይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ። በአፍሪካ ታሪክ እጅግ አስከፊ ከሚባሉት የባቡር አደጋዎች አንዱ ነው። ባቡሩ በኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ መግባቱ ለአደጋው ምክንያት ሆኖ ተጠቅሷል።

ለምን ቆመ?

ነባሩ ባቡር በአንድ ቀን አልቆመም። እንደ አሮጌ በሬ ቀስ በቀስ ነው የደከመው። መጀመሪያ የአሰብ መንገድ ሲሠራ የጭነት መኪና ተወዳዳሪ ሆኖ መጣ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የሶማሊያ ወረራ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ለወራት ተቋረጠ። በዚያው ጊዜ ጅቡቲ ነጻነቷን በማግኘቷ ድርጅቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሁለቱ አገሮች የጋራ ንብረት ሆነ። ሐዲዱና ሞተሮቹ ግን እያረጁ ሄዱ።

የሚያስቆጨው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ በር ሲዘጋ፣ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ባቡሩ እጅግ የሚፈለግበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን ለዓመታት ጥገና የተነፈገው ጠባብ ሐዲድ ያን ሁሉ ጭነት የመሸከም አቅም አልነበረውም። ጭነቱን መኪናዎች ወሰዱት። መተሐራ ላይ ደግሞ በየጊዜው እየሰፋ የመጣው የበሰቃ ሐይቅ መንገዱንና ሐዲዱን ያስቸግር ጀመር። ከአዲስ አበባ የሚነሣው የመንገደኛ ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተቋረጠ፤ በድሬዳዋ በኩል ያለውም ሲሄድና ሲቆም ቆይቶ ጸጥ አለ።

በጣቢያዎቹ የቀረው ምን እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም። አስፋልት ያገኙት ከተሞች በመኪና ንግድ ቀጠሉ። ከአስፋልት የራቁት የቆላ ጣቢያዎች ግን መንገደኛቸውን፣ ከመንገደኛው ጋር ደግሞ ገበያቸውን አጡ። በድሬዳዋ ወርክሾፕ ውስጥ የድሮ ሞተሮችና የብረት መቁረጫዎች ዛሬም ይታያሉ፤ ሙያው ግን ከአረጋውያን ሠራተኞች ጋር እያለቀ ነው።

አዲሱ መስመርና የገበሬው ጥያቄ

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ ይደርሳል። የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ነው። በመሆኑም ከነባሩ የበለጠ ጭነት ይሸከማል፤ ይፈጥናልም። የሦስት ቀኑ ጉዞ በግማሽ ቀን አካባቢ ያልቃል። ከውጭ የሚገባው ማዳበሪያና ስንዴ ከፊሉ በዚሁ ሐዲድ ይመጣል። ስለዚህ ባቡር ተሳፍሮ የማያውቅ ገበሬ እንኳ በማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ በዚህ መስመር የመጣ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። የኤሌክትሪክ ባቡር ውኃ ለመቅዳት መቆም አያስፈልገውም። የሚቆመው በጥቂት ጣቢያዎች ነው፤ ጣቢያዎቹም ብዙውን ጊዜ ከከተማ ወጣ ብለው የተሠሩ ናቸው። የድሬዳዋ አሮጌ ጣቢያ በከተማው እምብርት ሲሆን፣ አዲሱ ጣቢያ ግን ከከተማው ውጭ ነው። ለኮንቴይነር ይህ ችግር አይደለም። ቅርጫት ይዛ ለምትሄድ እናት ግን ወደ ጣቢያው ለመድረስ የምትከፍለው ትርፏን ሊበላው ይችላል።

እንግዲህ ነባሩ ባቡር የተወልን ትምህርት ይህ ነው፦ ሐዲድ መዘርጋት የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ባቡሩ የት ይቆማል፣ ከእርሻው ወደ ጣቢያው የሚያደርስ መንገድ አለ ወይ፣ በጣቢያው ቶሎ ለሚበላሽ ምርት ጥላና ማቀዝቀዣ ተዘጋጅቷል ወይ፣ አነስተኛ አምራች በማኅበር ተደራጅቶ አንድ ፉርጎ ሊሞላ ይችላል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው። ስለ ባቡር በሚደረግ የሕዝብ ውይይት ላይ የሚገኝ አርሶ አደር፣ አርብቶ አደርና ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያነሣቸው የሚገቡትም እነዚሁ ናቸው።

በድሬዳዋ ደረቅ አሸዋ ላይ ከተማ ያበቀለው የባቡሩ ፍጥነት አልነበረም። በዝግታ ይሄድ የነበረው ያ ባቡር በየጣቢያው ይቆም ነበር፤ ባቡሩ በቆመበትም ገበያ ቆመ።